ዘሀራ በቀትር ስትጣራ

ወልድያ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ። የኪኒን ብልቃጤን ከፍቼ አናቱን በጥጥ ጠቀጠቅሁት። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳ በተናወጠ ቁጥር ኪኒኑ ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ያን ድምፅ የሚያውቅ ደግሞ ከሩቅ ያውቀዋል። ጥጥ መጠቅጠቅ የጀመርሁት የመጀመሪያውን ብልቃጥ የተቀበልሁ ዕለት ነው። ያኔ ጠጉሬ ጥቁር ነበር፤ ጉልበቴም ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አይጮህም ነበር። አሁን ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ኤችአይቪው መድኃኒቱን ፈርቶ ተኝቷል፤ የሚያንገላታኝ ሌላው ነው፤ የደም ግፊቱ፣ ጉልበቱ፣ ዓይኑ። ወጣት ሳለን ለሞት አዘጋጅተውን ነበር። ለእርጅና ያዘጋጀን የለም፤ እኛስ ብንሆን እዚህ እንደርሳለን ብለን መች አሰብን?

የምሠራው እዚሁ ወልድያ፣ መድኃኒቱ ከሚሰጥበት ክፍል ነው። ሐኪም አይደለሁም። ራሴ ታካሚ ሆኜ ሌላውን ታካሚ አበረታታለሁ፤ የጠፋ ሲኖር አፈላልጋለሁ። ዛሬ የማፈላልገው ጋሽ ሰይድን ነው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከግራና ወዲያ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬ። መርሳ ላይ ሰው እንዳያያቸው ብለው ሃያ ዓመት ሙሉ ወልድያ ድረስ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። እሳቸው፣ ባለቤታቸው ዘሀራና እኔ መድኃኒቱን የጀመርነው በአንድ ቀን፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ዘሀራ ከሞተች ሰባት ወሯ ነው። የገደላት ግፊት እንጂ ቫይረሱ አይደለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጋሽ ሰይድ ቀጠሯቸው አንድ ወር ሲቀረው ባዶ ብልቃጥ ይዘው መጡ። ደማቸው ሲታይ ኩላሊታቸው ደክሟል። ለአንድ ወር የሚሆን ሰጥተናቸው፣ በሁለት ሳምንት ለምርመራ ይመለሱ ተባለ፤ አልተመለሱም። ስልካቸው ዝግ ነው። አብራን የምትሠራ ወጣት ነርስ፣ "ለሌላ ሰው እያካፈሉ ነው" አለች። ሐኪሙ፣ "ዕድሜ ነው፤ መዋጣቸውን እየረሱ ይደግሙ ይሆናል" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እትዬ አለም፣ ምክንያቱን ቶሎ ካላወቅን ኩላሊታቸውን እናጣዋለን። ያኔ ልናደርግላቸው የምንችለው ብዙ አይደለም" አለኝ። እንግዲህ የህዳር የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ የተገኘሁት ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። የሁሉንም ስም ቀይሬአለሁ። ጋሽ ሰይድ ግን፣ "የዘሀራን እንዳትቀይሪብኝ" ብለው ለመኑኝ፤ እሱን እንዳለ ትቼዋለሁ።

መርሳ፣ ሦስት ሰዓት

የመርሳ ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ረዳቱ መቶ ሃያ ብር ሲለኝ፣ "ባለፈው መቶ አልነበር እንዴ?" አልሁት። "ባለፈው ነዳጅ ነበራ፣ እማማ!" አለኝ። እማማ! ስድሳ አንድ ዓመት እማማ ያሰኛል? ተቀየምሁት፤ እስከ ሲሪንቃ ድረስ አላናገርሁትም።

አጠገቤ የተቀመጡት የሐራ ሰው ነበሩ፤ ጨዋታ አዋቂ። "እኛ ጋ ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩ ገና ነው" አሉኝ። "አጎቴ ግን ይሰማዋል።"

"ምኑ?"

"ጡሩንባው ነዋ! አመሻሹ ላይ ይሰማዋል። ሲሰማው ብድግ ብሎ ጋቢውን ያጣፋና ከደጅ ይቆማል። ሊሳፈር።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሰውዬው ግን አልሳቁም፤ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያዩ፣ "የሚያስፈራው እኮ እሱ መስማቱ አይደለም" አሉ። "አንድ ቀን አብሬው ተቀምጬ እኔም የሰማሁ መሰለኝ።" ከዚያ በኋላ እስከ መርሳ የተጨዋወተ ሰው የለም።

መርሳ ያው መርሳ ናት። ከመኪና ስትወርድ ፓፓያ፣ ብርቱካንና ዘይቱን የያዙ ሴቶች ይከቡሃል። ለጋሽ ሰይድ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ልገዛ ፈለግሁና ኩላሊት ለደከመ ሰው ፍራፍሬም ሊከለከል እንደሚችል ትዝ አለኝ። የኛ እርጅና እንዲህ ነው፤ ስጦታ እንኳን ሐኪም ሳይጠየቅ አይገዛም። ስኳር ገዛሁ፤ ወዲያው ስኳር ታመው እንደሆነስ ብዬ ደነገጥሁ። በመጨረሻ ሳሙና ገዛሁ። ሳሙና ማንንም አይጎዳም።

ከግራና ወዲያ፣ ቀትር

ግራና የገበያ ቀኗ ስላልነበረ ጭር ብላለች። የደረስሁት አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሻይ የሸጠችልኝ ሴት የምሄድበትን ስትሰማ ጣሳውን አስቀመጠችና፣ "በቀትር? ብቻዎትን ወንዝ ሊሻገሩ?" አለችኝ።

"ምን እንዳይነካኝ? አሮጊት ደግሞ ማን ይፈልጋል!"

"የቀትሩ ዕድሜ አይመርጥም፣ እትዬ" አለች። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ወሎ ውስጥ አድጌ የቀትሩን ጋኔን ወሬ ሳልሰማ የቀረሁ አይደለሁም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ከወንዝ ዳር ሰው አይገኝም፣ በስም ቢጠሩህ አትመልስ ይሉናል። "በይ እሺ" ብዬ የአምስት ብር መልሴን ትቼላት ተነሣሁ።

ወንዙ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። ተሻግሬ ማሽላው ውስጥ ገባሁ። የሀብሩ ማሽላ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ መንገዱ በሁለት አገዳ ግድግዳ መሃል የምትሄድ ቀጭን ናት። ነፋስ የለም። አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ከሩቅ እንኳን የውሻ ድምፅ የለም። የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ ስሄድ ከግራዬ፣ ኮሽ ኮሽ ኮሽ።

ቆምሁ።

ያን ድምፅ ሃያ ዓመት ደብቄዋለሁ፤ ተኝቼም ቢሆን አልስተውም። ብልቃጥ ነው። ሰው ብልቃጥ ይዞ እያንኮሻኮሸው ነው። መጀመሪያ የራሴ መስሎኝ ቦርሳዬን ከፈትሁ። ጥጡ እንዳለ ነው፤ ብልቃጤም ድምፅ የለውም። ቦርሳዬን እንደያዝሁ በድጋሚ ኮሽ ኮሽ አለ፤ አሁን ከቀኜ። ወዲያው ከፊት ለፊቴ መለሰለት። አንድ አልነበረም፤ ብዙ ነበር።

"ማነው?" ብዬ ጮህሁ። ጸጥ አለ። ሦስት እርምጃ ስሄድ ከኋላዬ ጀመረ። በስመ አብ ወወልድ! ያ ደረጃ የማይወጣው ጉልበቴ እንዴት እንደሮጠ አሁንም ይገርመኛል። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣ ከማሽላው ወጥቼ የጋሽ ሰይድ ግቢ እስክገባ ወደ ኋላ አልዞርሁም።

ጋሽ ሰይድ ደጃፍ

ሾላው ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ እግራቸው ግን አብጧል። አላዩኝም። ራሳቸውን ወደ ማሽላው ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ልጠራቸው አፌን ስከፍት ጣታቸውን አነሡብኝ፤ ዝም በይ። ኮሽ ኮሽ ኮሽ። "እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ" አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ አፋቸውን በእጃቸው እየጠረጉ ነው።

"አለም! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው ላብ በላብ ሆንሽ፣ የኔ እናት?"

"ጋሽ ሰይድ፣ አሁን ምን ዋጡ?"

ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "ሰማሻት?"

"ማንን?"

"ዘሀራን ነዋ።"

አልሰማሁም ብል ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ቅጻችን ላይ የማስታወስ ችግር የምትል መስመር አለች፤ እሷ ላይ ምልክት አድርጌ በጊዜ ወደ ወልድያ እመለስ ነበር። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ግን ሰምቻለሁ። አሁንም ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆሟል።

"ሰምቻለሁ" አልኋቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልሃምዱሊላህ" አሉ። "አበድኩ ብዬ ለሰው መናገር ፈርቼ ነበር።"

ቁርበቱ ላይ አስቀምጠውኝ ነገሩን አጫወቱኝ። ዘሀራ በሕይወቷ ሳለች መድኃኒት የምታስታውሰው እሷ ነበረች። መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ጓዳ ገብታ ብልቃጧን ታንኮሻኩሻለች። ቃል አትናገርም፤ ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ። እሳቸው ሲሰሙ ገብተው ይውጣሉ። እንዲህ ሃያ ዓመት አለፈ። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መድኃኒት የጠፋ ጊዜ እንኳን አላቋረጠችም። ባዶው ብልቃጥ ውስጥ ሽምብራ ጨምራ ታንኮሻኩሽ ነበር። ሁለቱም ጓዳ ገብተው ውኃ ብቻ ጠጥተው ይወጣሉ፤ ልማዱ እንዳይጠፋ ብላ።

"ከሞተች በኋላ አምስት ወር ዝም አለች" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ቀትር ላይ ጠራችኝ።"

"በቀን ስንት ጊዜ ትጠራዎታለች?"

"እንደ ቀኑ ነው። ረፋድ ላይ አለ፣ ቀትር አለ፣ አስር ሰዓት ገደማ ነፋሱ ሲነሣ አለ። በጠራችኝ ቁጥር እውጣለሁ።"

"ጋሽ ሰይድ! አንድ ነው የተባልነው! በቀን አንድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ሰማን? መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊት ይበላል፤ ያውም በኛ ዕድሜ! ይህ እግርዎ ለምን ያበጠ ይመስልዎታል? ለምንስ ለምርመራው ሳይመለሱ ቀሩ?"

"በዚህ እግሬ? መኪና ድረስ እንኳን አልደርስም። ስልኩም ተበላሽቷል።"

"ብልቃጡን ያምጡልኝ።"

አመጡት። የሰጠናቸው ካለቀ ቆይቷል፤ አሁን የሚውጡት ከዘሀራ የተረፈውን ነው። ሰባት ፍሬ ቀርቷል። ከብልቃጡ ጎን ከገበያ የገዙት የጉልበት ማስታገሻ አለ፤ ጠዋትና ማታ ይወስዱታል። እሱም ለደከመ ኩላሊት መርዝ ነው። ግድግዳው ሥር ሁለት ጣሳ ውኃ ተቀድቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው የማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

"አንዱን ልተውባት?" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ተቆጡ። "ያኔ በክፉው ጊዜ ስትጠራኝ የምውጠው አልነበረኝም። አሁን እያለኝ እምቢ ልበላት? የትኛው ጥሪ እንደሆነ በምን ልወቅ? አንዱን ብስት ደግሞ እንዳንቺ ያለችው ትመጣና ዘለሉ ትለኛለች!"

ሃያ ዓመት ሙሉ አትዝለሉ፣ አንዲት ቀን እንዳትዝለሉ እያልን ሰዉን ያስፈራራነው እኛው ነን።

አስር ሰዓት

ልጃቸው ሀዋ ለአባቷ ያስቀመጠችውን የማሽላ እንጀራ በሽሮ ተካፍለን በላን። ባሏ ራያ ለሥራ ስለሄደ ከመስከረም ጀምሮ አባቷ ጋ ከርማ ማሽላውን ከወፍ ትጠብቃለች ብለውኛል ጋሽ ሰይድ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጆሮዬን ተክዬ ነው የዋልሁት። ያን ነገር ሳላገኝ ከዚህ ግቢ አልወጣም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴን አልደብቅም። የፈራሁት ጋኔኑን ብቻ አልነበረም፤ ማሽላው ውስጥ ገብቼ ምንም ባላገኝስ?

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ከወንዙ በኩል ነፋስ ተነሣ። ማሽላው ሹክሹክታ ጀመረ። ከዚያ መጣ። ኮሽ ኮሽ ኮሽ ኮሽ፤ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ሰልፍ ሙሉ ታካሚ ብልቃጡን እያንኮሻኮሸ የሚሄድ ይመስል ነበር። ጋሽ ሰይድ ምርኩዛቸውን ሲፈልጉ እጃቸውን ያዝሁ። "እስክመለስ እንዳይውጡ። በዘሀራ ሞት!" ብዬ ገባሁ።

ቅጠሉ ፊቴን እየቧጨረኝ ወደ ድምፁ ሄድሁ። አገዳውን በሁለት እጄ ስገልጠው ፊት ለፊቴ፣ ልክ በዓይኔ ትክክል፣ ነጭ ብልቃጥ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከሱ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በገመድ ታስረው በማሽላው መሃል ርቀው የሚሄዱ ስንትና ስንት ብልቃጦች። ወረቀታቸው በጥንቃቄ ተፍቋል። እኔም ቤት የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ስማችን እንዳይነበብ እንፍቃለን፤ ሰው እንዳያገኘው አንጥልም። አንዳንዱ ከቀረ ዓመታት የሆነው ዓይነት ነው። ክዳኑን አይቼ ዘመኑን አወቅሁት። ያን ክዳን እየከፈትሁ ያሳለፍሁት ዘመን ነው፤ የዘሀራ ዕድሜ፣ የኔም ዕድሜ፣ እዚያ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ይንኮሻኮሻል። መሬት ተቀመጥሁ።

"እትዬ! የወልድያዋ አይደሉ? የእማ ጓደኛ?"

ቀና ስል ማሽላው መሃል በተሠራው ማማ ላይ ሀዋ ቆማለች። እጇ ላይ የገመዱን ጫፍ ይዛለች። ሳብ ስታደርገው ማሳው በሙሉ ተንኮሻኮሸ፤ ወፎቹም ግር ብለው ተነሡ።

"ይህን ከየት አመጣሽው፣ ሀዋ?"

"የእማ ነው!" አለች ኩራት በተሞላበት ድምፅ። "ከጎተራው ሥር በሁለት ጆንያ አስራ ደብቃው ነበር። ለምን እንደሰበሰበችው እንጃላት። ጠጠር ጨምሬ ሰቀልኩት፤ ወላሂ፣ ወፍ ድርሽ አይልም። ሞታም ትረዳኛለች እኮ እናቴ!"

ምንነቱን እንዳልነግራት የታካሚ ምስጢር ነው፤ በሥራዬ ከዚህ በላይ ኃጢአት የለም። "ብታወርጂውስ?" አልኋት።

"ምን ነካዎት? ሁለት ቀን ካወረድኩት የሚተርፈኝ አገዳው ነው!"

ወደ ጋሽ ሰይድ ተመልሼ የሆነውን ነገርኋቸው። ቀስ ብዬ፣ እጃቸውን ይዤ።

"ጠጠር?" አሉ።

"ጠጠር።"

"ሁለት ወር ሙሉ ለጠጠር ነው እሺ እያልኩ የተነሣሁት?" እጃቸውን ከእጄ ነጠቁ። "ምነው ባልመጣሽ፣ አለም! ምነው ባልመጣሽ!"

አለቀስሁ። እሳቸውም አለቀሱ። ሰው ካንጀቱ ሲያዝን ዕድሜው የሚጠፋ ይመስለኛል፤ ጋሽ ሰይድ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሱት። ሲበርድላቸው፣ "ለሀዋ መንገር አለብዎት" አልኋቸው። "እኔ መናገር አልችልም። አንቱ ብቻ ነዎት የሚችሉ።"

"ዘሀራ እስከ ሞቷ ደብቃታለች። እኔ ላጋልጣት?"

"ጋሽ ሰይድ፣ ብልቃጡን የሰቀለው መደበቃችሁ ነው። ሀዋ ብታውቅ ኖሮ አትሰቅለውም ነበር፤ አንቱም እዚህ አይደርሱም ነበር። እንዲሁ ከቀጠለ ኩላሊትዎን ወስዶ ይገድልዎታል።"

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔን ይዘው ማሽላው ውስጥ ገቡ። በየብልቃጡ ሲያልፉ በመዳፋቸው ያዝ እያደረጉ ዝም ያሰኙት ነበር። ማማው ሥር ሲደርሱ፣ "ሀዋ ልጄ፣ ውረጂ" አሉ። ከዚያ ሳያድበሰብሱ ነገሯት፤ የእናቷን፣ የራሳቸውን፣ የብልቃጡን፣ የጥሪውን።

ሀዋ ገመዱን አልለቀቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔስ?" አለች በመጀመሪያ።

"ስትወልጂ ተመርምረሽ የለም?" አልኋት።

"ሁለቱንም ጊዜ። ነፃ ነሽ ብለውኛል።"

"እንግዲያው ነፃ ነሽ።"

ወደ አባቷ ዞረች። "እኔ ነኛ የጠራሁዎት" አለች። "በቀን ሦስቴ፣ አራቴ፣ በገዛ እጄ።" ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ጋሽ ሰይድ ራሷን እየዳበሱ፣ "አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ። አላወቅሽም። አላወቅሽም" ይሉ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ማጭዷን አወጣችና ገመዱን በጠሰችው። ብልቃጦቹ አንድ ላይ መሬት ሲወድቁ የነበረውን ድምፅ እንዳልሰማ ጆሮዬን ይዣለሁ። ወፎቹ ወዲያው ተመለሱ። ሀዋ ማማው ላይ ወጥታ እስኪመሽ ጅራፍ ስታጮህ ቆየች።

መግሪብ

ብልቃጦቹን በሁለቱ ጆንያ መልሼ አፉን በገመድ አሰርሁት። ነፋሱ ቆሟል። ጋሽ ሰይድ ሰግደው ሲጨርሱ ከስግደት ቦታቸው አልተነሡም፤ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። እኔም ሀዋም ምን እንደሚጠብቁ እናውቃለን። ትንፋሻችንን ይዘን ተቀመጥን። የጎረቤት በር ተዘጋ፤ ፍየል ጮኸች፤ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

"ዛሬ ዝም አለች" አሉ።

ለዛሬ የሚበቃቸውን በቀን ውጠዋል፤ ስለዚህ ሰባቱን ፍሬ ይዤባቸው አደርሁ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ግን ቀትር ላይ ከሰማሁት ድምፅ ይልቅ አስፈርቶኛል፤ እውነቴን ነው። ሀዋ ጣሳዎቹን ልታነሣ ስትል አባቷ፣ "ተያቸው" አሏት። ተወቻቸው።

በማግስቱ፣ ወልድያ

ሀዋ ማሽላውን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ሦስታችን በፈረስ ጋሪ ግራና፣ ከዚያ በሚኒባስ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ደረስን። ጆንያዎቹን እኔ ይዣቸዋለሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሲወረውራቸው ኮሽሽሽ አሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደኔ ዞረ። "ምንድን ነው፣ እማማ?" አለኝ። ያው የትናንቱ ልጅ ነው!

"የዕድሜዬ ቁጥር" አልሁት። አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም።

ደማቸው ተመረመረ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱን እያየሁ ጥፍሬን እበላ ነበር። ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ ግን አልሞተም። "ሁለት ወር ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለ። ኪኒኑን ለኩላሊት በሚቀለው ለወጠላቸው፤ የጉልበት ማስታገሻውን አስጣላቸው፤ ግፊታቸውንም ለካ። ለሀዋ ባለሰባት ክፍል የኪኒን ሣጥን ሰጠናት። የየቀኑ ቤት ባዶ ከሆነ ተውጧል ማለት ነው፤ ማንም ቢጠራ አይደገምም። ያቺ ወጣት ነርስ ነገሩን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እኔም ብሆን ቅጹ ላይ ያለችውን መስመር ልሞላት ነበርና አልፈረድሁባትም።

ስንለያይ ጋሽ ሰይድ እጄን ይዘው፣ "ማነው ታዲያ የሚጠራኝ?" አሉኝ። "ሣጥን አይጣራ።"

"እኔ እጠራዎታለሁ" አልኋቸው።

ቤቴ

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ጥጡን ከብልቃጤ አውጥቼ መጣል ነው። ሃያ ዓመት የጠቀጠቅሁት ጥጥ! ለብቻዬ በምኖርበት ቤት ውስጥ ሳንኮሻኩሸው እንግዳ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። አሁን ሚኒባስ ውስጥም ይንኮሻኮሽ ብዬ ትቼዋለሁ። አንዳንድ ሰው ዞሮ ያየኛል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከአንድ ጥግ የሆነች ሴት ዓይኗን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትልልኛለች። እሷም ጥጥ ያላት ናት።

ከዚያ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው፦ አብሮን ላረጀ ሰው ኪኒን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ማን ያስታውሰው እንደነበር፣ ያስታወሰው ሰው አሁን የት እንዳለ መጠየቅ አለብን። እኔ ቅጹ ላይ ያ ጥያቄ ስለሌለ በእጄ ጽፌ ጨምሬዋለሁ።

ሀዋ ለአባቷ አዲስ ስልክ ገዛችላቸው። በየቀኑ መግሪብ ሲያልፍ እደውላለሁ። ሄሎ አልልም። ብልቃጤን ወደ ስልኩ አስጠግቼ አንኮሻኩሻለሁ፤ ከዚያ በኩል የሣጥኑ ክዳን ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ውኃ ሲዋጥ ይሰማኛል፤ ስልኩ ይዘጋል። የጥር ምርመራቸው ተሻሽሎ መጣ። እግራቸውም ጎድሏል። ማሽላው ታጭዶ ማሳው ባዶ ሆኗል፤ ሁለቱ ጆንያ ብልቃጥ አሁንም እኔ ጓዳ እንደታሰረ ተቀምጧል፤ ለማቃጠል እጄ አልታዘዘልኝም።

ባለፈው ሐሙስ እንደወትሮው ደውዬ አንኮሻኮሽሁ። ክዳኑ ቀጭ አለ፤ ውኃው ተዋጠ። ስልኩ ግን አልተዘጋም።

"አለም" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"አቤት?"

"ዛሬ ሁለቴ ነው የተጠራሁት። ቀትር ላይም ነበር።" ጣሳው መሬት ሲነካ ሰማሁ። "አብሽሪ። ላንቺው ብቻ ነው የመለስኩ።"